የስቲልሄድ ሞዴል አሠራር፦ ከወንዙ ጠባይ ወደ ዓሣው ውሳኔ፣ ከውሳኔውም ወደ ብዛቱ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ትራውት የሚጽፍ ሰው በቅድሚያ ምክንያቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው፤ ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ መሐሏን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ መንገድ ሆኖ ሰውና ከብት ይመላለስበታል። ይሁን እንጂ ስቲልሄድ የሚባለው ፈላሽ ትራውት፣ በተለይም በደቡብና በመካከለኛው ካሊፎርኒያ ጠረፍ የሚኖረው፣ የሚፈለፈልባቸው ጅረቶች ጠባያቸው ከደቻቱ ብዙም አይርቅም። በደረቁ ወራት ይቆራረጣሉ፣ ውኃቸው በአሸዋ ሥር ይሰወራል፣ ዝናብ ሲጥል በሰዓታት ውስጥ ይሞላሉ፣ ከዚያም እንደ ገና ይጎድላሉ። የደቡብ ካሊፎርኒያው ስቲልሄድ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ ወንዞቹን እንዴት ማስተዳደር ይገባል ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ የሞዴል ሥራ፣ ማለትም የወንዙንና የዓሣውን ኑሮ በሒሳብ አስመስሎ መሥራት፣ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሥነ ሕይወት፣ የውኃ ምሕንድስና ወይም ስታቲስቲክስ ተምረው፣ የመኖሪያ አካባቢ ሁኔታ የአንድን ፈላሽ ዓሣ የኑሮ መንገድና ብዛት እንዴት እንደሚወስን በቁጥር ለማሳየት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። መጀመሪያውን በኤክሴል መሥራት ይቻላል፤ ሥራው ሲሰፋ አር ወይም ፓይተን ወደሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች መሸጋገር ይሻላል፤ እያንዳንዱን ዓሣ ለየብቻ መከታተል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ኔትሎጎ የተባለ የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም፣ በእርሱም ላይ ለትራውት ተብሎ የተሠራውን ኢንስትሪም የተባለ ሞዴል መጠቀም ይችላል። ሆኖም በተዘጋጀ ሞዴል ከመጀመር ይልቅ ትንሹን በእጅ መሥራትን እመክራለሁ፤ በውስጡ ምን እንዳለ ያላወቁትን ሞዴል ሲሳሳት ማረም አይቻልምና።

ዓሣውን ማወቅ

ስቲልሄድ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦንኮሪንከስ ሚኪስ የሆነው ዓሣ፣ ሁለት የኑሮ መንገዶች አሉት። አንዱ እዚያው በተወለደበት ወንዝ አድጎ፣ እዚያው ተራብቶ የሚኖር ሲሆን፣ ሌላው ወደ ውቅያኖስ ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እዚያ ቆይቶ፣ ብዙ እጥፍ ገዝፎ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚመለስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «ቀሪ»፣ ሁለተኛውን «ሂያጅ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ስቲልሄድ የሚባለው ሂያጁ ነው። ከአብዛኞቹ የፓስፊክ ሳልሞኖች የሚለየው አንዴ እንቁላል ጥሎ የግድ የማይሞት በመሆኑ ሲሆን፣ ተርፎ ወደ ባሕር ተመልሶ እንደ ገና ለመራባት የሚመጣ አለ።

ለሞዴል ሠሪ ዋናው ነገር ሁለቱ በአንድ ወንዝ ውስጥ አብረው መኖራቸው፣ እርስ በርስ መራባታቸው፣ እንዲሁም ከቀሪ እናት የተፈለፈለ ሂያጅ፣ ከሂያጅ እናትም የተፈለፈለ ቀሪ ሊሆን መቻሉ ነው። ውርስ ግን ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ በ5ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ተገልብጦ የተቀመጠ ትልቅ ክፍል በበርካታ የካሊፎርኒያ ወንዞች ከመሄድና ከመቅረት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ መንጋዎች አድርጎ ለየብቻ መቁጠር ከመነሻው ስሕተት ነው። አንድ መንጋ ነው፤ የሚለያየው እያንዳንዱ ዓሣ ባደገበት ሁኔታና በተወለደበት ዝንባሌ መሠረት የሚይዘው መንገድ ነው።

የሕይወት ዑደቱን በወረቀት ላይ ይሳሉት። እናት በጠጠር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል በሚያልፈው ውኃ እየተነፈሰ ይቆያል፤ ጫጩቱ ወጥቶ በወንዙ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ወይ ስሞልት ይሆናል፣ ማለትም ሰውነቱ ለጨው ውኃ ተዘጋጅቶና ብር መስሎ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ አለዚያም ለአቅመ መራባት ደርሶ እዚያው ይቀራል። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ የማለፍ ዕድሉን የሚወስነው የወንዙ ሁኔታ ምንድን ነው፣ ያ ሁኔታስ በምን ይለካል? ለእንቁላሉ የውኃው ሙቀት፣ ደለሉና ጠጠሩን ገልብጦ የሚወስደው ጎርፍ፤ ለጫጩቱ ጥልቅ ኩሬ፣ ሙቀትና ምግብ፤ ለወራጁ ወንዙ ከባሕር ጋር የሚገናኝባቸው ቀናት። ይህ ሥዕል ሳይጠናቀቅ ኮምፒዩተር መክፈት አያስፈልግም።

የወንዙን መዝገብ በቀን ማዘጋጀት

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የበርካታ ወንዞችን የዕለት ፍሰት፣ ከአንዳንዶቹም የውኃ ሙቀት፣ በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል። ፍሰቱ የሚገኘው በሰከንድ ኩቢክ ጫማ ስለሆነ በ35.3 አካፍለው ወደ ኩቢክ ሜትር ይለውጡት፤ ሙቀቱ በፋረንሃይት ከመጣም 68 ዲግሪ ፋረንሃይት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን እንደ መፈተኛ ይያዙ። ለእኛ አገር ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። የእነርሱ ዲሴምበር 1 ኅዳር 22 ነው እንጂ ታኅሣሥ 1 አይደለም፤ «ክረምት» የሚለውን ቃልም እዚህ ጋ ባይጠቀሙበት ይመረጣል፤ በካሊፎርኒያ ዝናቡ የሚጥለው በቀዝቃዛው ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ሞቃት ናቸውና። እኔ በሠንጠረዦቼ ሁሉ «ዝናባማ ወራት» እና «ደረቅ ወራት» ብዬ እጽፋለሁ።

መዝገቡ በወር ሳይሆን በቀን መሆን አለበት። ይህን የምለው የመጀመሪያ ሞዴሌ ያበላሸሁት በዚሁ ስለሆነ ነው። ውሂቡን ለማቅለል ብዬ የየወሩን አማካይ ፍሰት አስገባሁ፤ ዓሦቹም በሞዴሉ ውስጥ ተመቻቸው፣ በየዓመቱ ከባሕር ተመልሰው ገቡ፣ ተባዙ። ሥራዬን ያየልኝ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «እነዚህ ዓሦች ወደ ወንዙ የገቡት በየትኛው ቀን ነው?» መልስ አልነበረኝም። ወደ ዕለት መዝገቡ ስመለስ የወሩን አማካይ ከፍ ያደረገው የአራት ቀን ጎርፍ መሆኑን፣ በቀሪዎቹ ቀናት የወንዙ አፍ በአሸዋ ግድግዳ ተዘግቶ አንድም ዓሣ ሊያልፍ የማይችል መሆኑን አየሁ። አንዳንድ ዓመት ጭራሹኑ አልተከፈተም ነበር።

ነገሩ የገባኝ ግን ደቻቱ ዳር ነው። ከከተማዋ በላይ ካለው ከፍታ፣ ከደንገጎ በኩል ያለው ሰማይ ሲጠቁር፣ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ በወንዙ አሸዋ ላይ ዕቃ የዘረጉ ሰዎች መሰብሰብ ይጀምራሉ። ውኃው እንጨትና ድንጋይ እየገፋ፣ ቀለሙ እንደ ሻይ ወተት ሆኖ ይመጣል፤ ሲያልፍ ደግሞ አሸዋው ላይ እርጥበት ብቻ ይቀራል፤ ሰዎችም ያንኑ አሸዋ ቆፍረው ውኃ ይቀዳሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዚያን ወር አማካይ ፍሰት ብቻ የሚያይ ሰው ስለዚያች ሌሊት ምንም አይማርም። ዓሣውም እንደ ሰው ሁሉ የሚኖረው በቀኖቹ ውስጥ እንጂ በአማካዩ ውስጥ አይደለም።

ስለሆነም ከዕለት ፍሰቱ ሦስት ዓምዶች ያውጡ። የመጀመሪያው «መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ» የሚል ነው፤ ለትልቅ ስቲልሄድ ማለፊያ በተለምዶ የሚወሰደው ዝቅተኛ ጥልቀት 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ጥልቀት በወንዙ ላይ ባለው እጅግ ስስ ቦታ ላይ በስንት ፍሰት እንደሚገኝ በመለካት ወይም በሃይድሮሊክ ስሌት ይታወቃል። የወንዙ አፍ በአሸዋ የሚዘጋ ከሆነ የሚከፈትበትን ፍሰት ለብቻው ይያዙ። ሁለተኛው ጎርፉ እንቁላል ያለበትን ጠጠር የሚገለብጥበት ቀን ነው። ሦስተኛው በደረቁ ወራት ውኃ የያዙ ኩሬዎች ስፋት ሲሆን፣ በኋላ እንደምናየው የዓሦቹን ብዛት አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀው እርሱ ነው።

ሙቀትና ምግብ

የእድገቱ ክፍል በመሠረቱ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ዓሣው በቀን ከበላው ላይ ለመተንፈስና ለመዋኘት ያወጣው፣ ሳይፈጭ ያለፈውም ሲቀነስ የተረፈው እድገት ይሆናል። ቀስተ ደመና ትራውት በደንብ የሚያድገው ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ 25 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሙቀቱ ሲጨምር ሁለት ጉዳት በአንድ ላይ ይመጣል፤ የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት ያድጋል፣ ውኃው ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን ደግሞ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ 20 ዲግሪ የሆነው የሚይዘው 9.1 ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ምቹ የሚባለው ሙቀት ቋሚ ቁጥር አለመሆኑን ነው። ምግብ ሲበዛ ዓሣው በሞቃት ውኃም ያተርፋል፤ ምግብ ሲያጥር ግን በዚያው ሙቀት ይከስራል፤ የሚመቸውም ሙቀት ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀትን ለብቻው «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ብሎ ነጥብ የሚሰጥ ሠንጠረዥ መጠቀም አልወድም። በሳንታ ክሩዝ አጠገብ ባለው ስኮት ክሪክ የታየውን ይውሰዱ፦ በደረቁ ወራት የወንዙ አፍ በአሸዋ ሲዘጋ ከኋላው ሐይቅ መሰል ውኃ ይጠራቀማል፤ ከላይኛው ጅረት ይልቅ ሞቃት ነው፣ ነገር ግን ምግብ ሞልቶበታል። በዚያ ውኃ ያደጉት ወጣት ዓሦች ከጠቅላላው ጥቂት ቢሆኑም ፈጥነው ይገዝፋሉ፤ ከባሕር ከሚመለሱት ጎልማሶች ውስጥ ግን አብዛኞቹ እነርሱ ሆነው ተገኝተዋል። የሙቀት ሠንጠረዥ ብቻ የያዘ ሞዴል ያንን ሐይቅ ከንቱ ብሎ በጣለው ነበር።

የዕለት አማካይ ሙቀትም ያታልላል። ሌሊት 12፣ ከሰዓት በኋላ 26 ዲግሪ የሚደርስ ውኃ አማካዩ 19 ስለሆነ በወረቀት ላይ ደህና ይመስላል፤ ዓሣው ግን 26ቱን በሕይወት ማለፍ አለበት። ከተገኘ በሰዓት የተለካ ሙቀት ይጠቀሙ፤ ካልተገኘ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ያስገቡ። ለእንቁላሉም ቢሆን «ይህን ያህል የሙቀት ድምር ሲሞላ ይፈለፈላል» የሚለው ቀላል ሕግ ለረቂቅ ብቻ ይጠቅማል፦ በ4.5 ዲግሪ 80 ቀን፣ በ10 ዲግሪ 31 ቀን፣ በ15.6 ዲግሪ 19 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ሲባዙ 360፣ 310 እና 296 ስለሚሆኑ ድምሩ እንደ ቅዝቃዜው ይለያያል።

ልቆይ ወይስ ልሂድ

የሞዴሉ ልብ ይህ ነው። ጀማሪ ሠሪ ብዙ ጊዜ «ከዓሦቹ 40 በመቶው ይሄዳሉ» ብሎ አንድ ቁጥር ያስገባና ያልፋል። እንዲህ ያለ ሞዴል የወንዙ ሁኔታ ሲለወጥ የዓሦቹ መንገድ እንዴት እንደሚለወጥ ሊነግረን አይችልም፤ መልሱን አስቀድመን ሰጥተነዋልና። ትክክለኛው አካሄድ ለእያንዳንዱ ዓሣ ሁለቱን መንገዶች አስልቶ፣ ወደፊት የሚጥለው እንቁላል በየትኛው መንገድ ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ነው። ዓሣው ሒሳብ አይሠራም፤ ነገር ግን በብዙ ትውልድ ተመርጦ የቀረው ምላሹ እንዲህ ካለው ሒሳብ ጋር ይቀራረባል።

በቁጥር እንየው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለልምምድ የወሰድኋቸው እንጂ የአንድ ወንዝ መረጃ አይደሉም። አንዲት እንስት ቀሪ ከሆነች በየዓመቱ በሕይወት የመቆየት ዕድሏ 0.3 ይሁን፤ በመጀመሪያው ዓመት 300፣ በሁለተኛው 500፣ በሦስተኛው 700 እንቁላል ትጣል። የሚጠበቀው ጠቅላላ እንቁላል 0.3 ሲባዛ በ300፣ ሲደመር 0.09 ሲባዛ በ500፣ ሲደመር 0.027 ሲባዛ በ700 ነው፤ ማለትም 90 እና 45 እና 18.9፣ በድምሩ 154 ገደማ። ሂያጅ ከሆነች ደግሞ ወንዙን ወርዳ ባሕር የመድረስ ዕድሏ 0.6፣ ተመልሳ ሽቅብ ወጥታ መራቢያው ቦታ የመድረስ ዕድሏ 0.8፣ እንቁላሏ 5,000 ይሁን። የባሕር ውስጥ ዕድሏን «ባ» ብንለው የሚጠበቀው እንቁላል 2,400 ሲባዛ በባ ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑት ባ 0.064 ሲሆን ነው፤ ከመቶ ስድስት ተኩል ያህሉ ከባሕር የሚተርፉ ከሆነ መሄድና መቅረት ሚዛን ላይ ይቆማሉ።

አሁን መኖሪያ አካባቢው እንዴት እንደሚገባ ይመልከቱ። የባሕር ዕድል በዋነኛነት የሚወሰነው ስሞልቱ ሲወርድ በነበረው ቁመት ነው፤ ትልቁ ከትንሹ ይልቅ ይተርፋል። በምሳሌአችን 14 ሴንቲ ሜትር የሆነው ባሕር ላይ 0.02፣ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነው 0.08 ዕድል ካለው፣ የመጀመሪያው ቢሄድ የሚጠብቀው 48 እንቁላል፣ ሁለተኛው 192 ነው። እንግዲህ ለ18ቱ መሄድ ያዋጣል፤ ለ14ቱ አያዋጣም። ሦስተኛ አማራጭም አለ፦ እንቁላል ሳይጥሉ አንድ ዓመት በወንዙ ጨምሮ አድጎ መሄድ። ትንሹ ዓሣ ያንን ዓመት በ0.3 ዕድል ካለፈና 18 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ 57.6 ይጠብቀዋል፤ ዛሬ ከመሄድ ይሻላል፣ ቀሪ ሆኖ ከመራባት ግን ያንሳል። ሞዴሉ ሦስቱንም ማወዳደር አለበት።

ቀጥሎ አንድ አንድ ቁጥር እየለወጡ ይሞክሩ። ከግድብ ሥር ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ቢለቀቅና የቀሪዋ ዓመታዊ ዕድል ወደ 0.5 ቢወጣ፣ የቀሪነት ዋጋ 362.5 ይሆናል፤ መሄድ እንዲያዋጣ ባሕሩ ከመቶ አሥራ አምስት በላይ ማትረፍ ይኖርበታል። በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ፣ በሳክራሜንቶ ወንዝ ላይ ከትልልቆቹ ግድቦች በታች የጎላው ግዙፍ ቀሪ ትራውት መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል። በአንጻሩ የደረቁ ወራት ውኃ አንሶ ዕድሉ ወደ 0.2 ቢወርድ የቀሪነት ዋጋ 85.6 ብቻ ስለሚሆን ከመቶ ሦስት ተኩል የሚተርፍበት ባሕር ይበቃል። ከዚህ ተነሥቶ «መጥፎ ወንዝ ሂያጅ ያበዛል» ማለት ግን አይቻልም፤ ያው መጥፎ ወንዝ እድገትንም ስለሚያቀጭጭ ስሞልቱ አጥሮ ይወርድና ባሕሩ ይበላዋል። ሁለቱ በተቃራኒ ይጎትታሉ፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚነግረን ስሌቱ ነው። መውረጃው መንገድ ቢበላሽ፣ ለምሳሌ 0.6 የነበረው ወደ 0.2 ቢወርድ፣ ሚዛኑ ወደ 0.19 ይዘላል፤ ሂያጅነት ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ቀሪው ግን ይኖራል። በዋሽንግተን ግዛት ባለው ኤልዋ ወንዝ ላይ የታየው የዚሁ ግልባጭ ነው፦ ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ግድቦች ሲፈርሱ፣ ከግድቦቹ በላይ ለመቶ ዓመት ያህል ተዘግተው በቀሪነት የኖሩት ትራውቶች ለስቲልሄድ መመለስ ድርሻ ነበራቸው።

ለወንዶቹ ሒሳቡ የተለየ ነው። የእንስቷ ትርፍ ከገላዋ ጋር የሚያድግ እንቁላል ሲሆን፣ ትንሽ ቀሪ ወንድ ግን በትልልቆቹ መካከል ሾልኮ ማዳቀል ይችላል። በመሆኑም ከሂያጆቹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንስቶቹ ይበዛሉ። ሞዴልዎ ለሁለቱ ጾታዎች አንድ ደንብ ከያዘ ይህን ልዩነት ሊያወጣ አይችልም።

ውሳኔው የሚወሰንበትን ቀን በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓሣው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቢወርድም ሰውነቱ መዘጋጀት የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው፤ ስለሆነም ደንቡ የሚጠቀመው በመውረጃው ቀን ያለውን ቁመት ሳይሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ወራት የነበረውን ቁመትና የእድገት ፍጥነት መሆን አለበት። በተግባር በእያንዳንዱ ዓመት አንድ የውሳኔ ቀን ይመድቡ፤ በዚያ ቀን ዓሣው በነበረው ፍጥነት ቢቀጥል በመውረጃው ወቅት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ይተንብዩለት፤ ውሳኔውን በትንበያው ላይ ይመሥርቱ። ከውሳኔው በኋላ ድርቅ ቢመጣ ዓሣው ተሳስቶ ይወርዳል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን በእውነተኛው ወንዝም የሚሆን ነገር ነው።

ከአንድ ዓሣ ወደ ብዛት

እስካሁን ስለ አንዲት እንስት አወራን። ወደ ብዛት ስንሻገር አዲስ ነገር ይመጣል፤ ዓሦቹ ቦታና ምግብ ይሻማሉ። ቀላሉ መንገድ የዓሣ ተመራማሪዎቹ ቤቨርተንና ሆልት በ1957 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን፣ እንቁላሉ ሲበዛ የሚወጣው ወጣት ወደ ወንዙ ጣሪያ ብቻ የሚጠጋበትን ኩርባ መጠቀም ነው። ለምሳሌ መጨናነቅ ባይኖር ከመቶ እንቁላል አሥሩ ለወጣትነት ይደርሳሉ እንበል፤ ወንዙ በደረቁ ወራት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ብዛት ደግሞ 2,000 ይሁን። 10,000 እንቁላል ሲጣል 667 ወጣቶች ይወጣሉ፤ 100,000 ሲጣል 1,667፤ 200,000 ሲጣል 1,818። የመጨረሻዎቹን ሁለት ያስተያዩ። እንቁላሉ በእጥፍ ሲጨምር የተገኘው ትርፍ 151 ዓሣ ብቻ ነው።

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ወንዝ እንዲያገግም ተብሎ የመራቢያ ጠጠር በመኪና ተጭኖ ይደፋል፤ ማነቆው ግን በደረቁ ወራት የሚቀሩት ጥቂት ኩሬዎች ከሆኑ፣ በጠጠሩ የተጨመረው ጫጩት ሁሉ በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ይተላለቃል። በእያንዳንዱ የዕድሜ ደረጃ ላይ አቅሙን ለየብቻ ያስገቡና፣ አንዱን ደረጃ በ10 በመቶ ከፍ ሲያደርጉ የተመላሽ ጎልማሶች ቁጥር በስንት እንደሚለወጥ ያስሉ። ብዙ የሚያንቀሳቅሰው ደረጃ ማነቆው ነው። በብዙ ደረቅ ጠረፍ ወንዞች የማየው ውጤት የኩሬዎቹ ስፋትና መንገዱ ክፍት የሆነባቸው ቀናት ቁጥር ጠጠሩን በሩቁ ሲቀድሙት ነው።

መጨናነቅ ብዛትን ብቻ ሳይሆን እድገትንም ይነካል። ዓሦቹ ሲበዙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምግብ ያንሳል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ከላይ ያየነው የውሳኔ ሚዛን ይዛባል። እንቁላልና ሕልፈት የሚቆጣጠር ግን እድገትን በጥግግት የማያስተካክል ሞዴል የሁለቱን መንገዶች ድርሻ በተሳሳተ ቦታ ያስቀምጣል፤ ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ ደጋግሞ መፈተሽ ይገባል።

ሞዴሉን መፈተን

ፈተናው በጽንፍ ይጀምር። የባሕሩን ዕድል ዜሮ ሲያደርጉ ሁሉም ዓሣ ቀሪ መሆን አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከአገራችን ማስረጃ አለን። በባሌ ተራሮች ዌብንና ዳንካን በመሳሰሉ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ይኖራል። የዌብ ውኃ በመጨረሻ ከጁባ ወንዝ ጋር ሆኖ ሕንድ ውቅያኖስ ቢደርስም፣ መሐል ላይ ያለው ቆላ ለትራውት የማይታለፍ ሞቃት ውኃ ነው፤ ዓሦቹም በደጋው ቀሪ ሆነው ተራብተዋል። ሞዴልዎ የደጋውን ሙቀትና ዝግ የሆነ መውረጃ ሲሰጡት ራሱን የሚተካ የቀሪ መንጋ ካላወጣ፣ ስሕተቱ ከእድገቱ ወይም ከውሳኔው ክፍል ነው።

ከዚያ ወደ መረጃው ይሂዱ። አንድ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ የተመላሾቹን ብዛት፣ ለማዛመድ ፓራሜትሮችን፣ ማለትም በሞዴሉ ውስጥ እኛ የምንመድባቸውን ቁጥሮች፣ ማጠማዘዝ ቀላል ነው፤ በብዙ የተሳሳተ መንገድ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ በርካታ ነገሮችን ይፈትኑ፦ የስሞልቶቹን የቁመት ስርጭት፣ የዕድሜ ስብጥራቸውን፣ የመውረጃ ቀናቸውን፣ የጾታ ድርሻቸውን፣ በደረቁ ወራት መጨረሻ በኩሬዎቹ ውስጥ የቀረውን ብዛት። ዕድሜ ከቅርፊት ይነበባል፤ በጆሮ አጥንቱ መሐል ያለው የስትሮንቲየም፣ ማለትም በባሕር ውኃ የሚበዛው ንጥረ ነገር፣ መጠን ደግሞ እናቲቱ ከባሕር የመጣች መሆኗን ወይም አለመሆኗን ያሳያል። ፓራሜትሮቹን በግማሹ ዓመታት መረጃ ካስተካከሉ በቀሪዎቹ ዓመታት ይፈትኗቸው፤ ከእነዚያ መካከል ቢያንስ አንድ የድርቅ ዓመት እንዲኖር ያድርጉ።

ውጤቱን ሲያቀርቡ አንዱን አማካይ መሥመር ብቻ አያሳዩ። የዝናብ ዓመታቱን ቅደም ተከተል እየቀያየሩ ሞዴሉን 1,000 ጊዜ ያስኬዱትና፣ ስንቱ ሩጫ ላይ ሂያጆቹ ለአምስት ዓመት በተከታታይ እንደ ጠፉ፣ ቀሪዎቹስ በስንቱ ላይ መልሰው እንዳስነሷቸው ይቁጠሩ። የቀሪዎቹ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው፤ የወንዙ አፍ ሳይከፈት በሚያልፍባቸው ዓመታት መንጋውን ይዘው የሚቆዩት እነርሱ ናቸውና።

ይህንኑ አጽም ወደ ጣና ለማምጣት የሚፈልግ ሰው የሚለውጠው ነገር አለ። በሐይቁ የሚኖሩት ላቢዮባርበስ የተባሉት በርካታ የዓሣ ዝርያዎች በዝናቡ ወራት ማብቂያ ላይ፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭን ወደመሳሰሉ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። ባሕሩ በሐይቁ ይተካል፤ የስሞልት ደረጃ ይወጣል፤ የጎርፉና የመንገዱ ዓምዶች ግን ይቆያሉ፤ በመንገዱ ዓምድ ላይም ግድብና የመስኖ ጠለፋ ያለባቸውን ቀናት፣ እንዲሁም በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋባቸውን ቀናት ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል።